ፈለክና ኮከብ፥ ዛቢያና ምሕዋር



በቅርብ ጊዜ አንድ አባት የልጃቸውን የፈተና ወረቀት ይዘው ወደ እኛ መጡ። ልጁ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። በወረቀቱ ላይ «ከሚከተሉት መካከል ኮከብ የሆነው የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ ነበረ፤ ልጁም ፀሐይን ትቶ ቬነስን መረጠ። ምክንያቱን በተጠየቀ ጊዜ «አያቴ ሲነጋጋ አጥቢያ ኮከብ እያሉ የሚያሳዩኝ እርሷን ነው» ብሎ መለሰ። መምህሩም ስሕተት ነው ብሎ በቀይ ቀለም ሰረዘበት። አባትየውን ያሳዘናቸው ግን የነጥቡ መጉደል አይደለም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አያቱ ስለ ሰማይ አንድ ነገር ባነሡ ቁጥር ልጁ አፉን በእጁ ሸፍኖ መሳቅ ስለ ጀመረ ነው። «መምህር፥ አባቶቻችን ኮከብ ያሉት ኮከብ ካልሆነ፥ እኛ ከእንግዲህ ወዲያ ለልጆቻችን የምንነግረው ምን ቀረልን?» ሲሉ ጠየቁን።

ይህን ጥያቄ ቀላል አድርገን ልናልፈው አልወደድንም። የልጁ መምህር ፈተናውን ያረመው በትክክል ነው፤ አያቱም ቢሆኑ አልተሳሳቱም። በግእዝም ሆነ በአማርኛ ኮከብ የሚለው ቃል ከጥንት ጀምሮ በሌሊት ሰማይ ላይ የሚያበራውን ነጥብ ሁሉ አጠቃሎ ሲጠራበት የኖረ ስም ነው። የዛሬው ትምህርት ቃሉን አጠበበው እንጂ አልሻረውም። እህል የሚለውን ስም እንመልከት። በቤት ውስጥ ጤፉም ስንዴውም ሽንብራውም እህል ነው፤ ወፍጮ ቤት የደረሰ ሰው ግን ጤፉን ከስንዴው ለይቶ ካልተናገረ ዱቄቱ ይደባለቅበታል። ትምህርት ቤትም በዚህ ነገር እንደ ወፍጮ ቤት ነው፤ ስም ለይቶ መጥራት ግድ ይለዋል። ስለዚህ በዚህ ወር ዓምዳችን ለልጆች በትምህርት ቤት የሚነገሯቸውን የሥርዓተ ፀሐይ ቃላት፥ በቤት ካሉት ቃላት ጋር እያገናኘን ልንመለከታቸው አሰብን።

በዛሬው ትምህርት ኮከብ የሚባለው ብርሃኑን ከራሱ የሚያወጣ ታላቅ የጋለ የጋዝ ክምችት ነው። ከኮከቦች ሁሉ ለእኛ የቀረበችው ፀሐይ ናት። ፀሐይን ኮከብ ናት ሲሉት የሚደነግጥ ተማሪ ብዙ ነው፤ ከሌሎቹ ይልቅ ገና የምትታየው ግን ቅርብ ስለ ሆነች ብቻ ነው። የጎኗ ስፋት 1,392,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ እንደ መሬታችን ያሉ 109 ኳሶች ጎን ለጎን ቢደረደሩ ከዳር እስከ ዳሯ ይደርሳሉ። ከእኛ ያላት ርቀት በአማካይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው፤ ብርሃኗም ይህን መንገድ ለመጨረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። እንግዲህ ጠዋት በመስኮት የሚገባው ጨረር ከፀሐይ የተነሣው ቡናው ከመፈላቱ በፊት ነው ማለት ነው።

ፈለክ ግን ከራሱ ብርሃን የለውም። ኮከብ እንደ ፋኖስ ቢሆን ፈለክ እንደ መስተዋት ነው፤ የሚያበራው የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ስለሚመልስ ነው። ይህንም በዓይኑ አይቶ ያረጋገጠው ጣሊያናዊው ጋሊልዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1610 ዓ.ም. መጨረሻ ወራት መነጽሩን ወደ ቬነስ ቢያቀና፥ እንደ ጨረቃ ስትጎድልና ስትሞላ አገኛት። ብርሃኗ የራሷ ቢሆን ኖሮ መጉደል ባልኖረባትም ነበር። ቬነስ ይህን ያህል ደምቃ የምትታየው የከበባት ወፍራም ደመና ብርሃኑን አብዝቶ ስለሚመልሰው ነው። የምትዞርበት መንገድ ከእኛ ይልቅ ለፀሐይ የቀረበ በመሆኑም ከፀሐይ ብዙ ርቃ አትታይም፤ ወይ ሳይነጋ በምሥራቅ፥ ወይ ሲመሽ በምዕራብ ትወጣለች እንጂ በእኩለ ሌሊት ከራሳችን በላይ ቆማ አናገኛትም። አያቱ ለልጁ ሲነጋጋ ያሳዩት የነበረውም ይህንኑ ነው፤ እርሳቸው ጊዜዋንና ስፍራዋን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ልጁ ደግሞ ምክንያቱን ተምሮአል። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ነበር።

ፈለክ የሚለው ቃል አዲስ የተፈጠረ አይደለም። በግእዝ መጻሕፍት የሰማይን ክበብና በክበቡ የሚዞረውን አካል ለማመልከት ሲነገር የኖረ ነው፤ በዐረብኛም የሰማይ አካላት የሚዞሩበት መንገድ በዚሁ ስም ይጠራል። ፕላኔት የሚለው ግን ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ተንከራታች፥ ዘዋሪ ማለት ነው። የጥንት ግሪኮች ከዋክብት ሁሉ እርስ በርሳቸው ሳይራራቁ ሲጓዙ፥ አምስቱ ብቻ በመካከላቸው እየተዘዋወሩ ስፍራ ሲለውጡ አይተው ይህን ስም አወጡላቸው። አምስቱም በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ ያልታወቁ አልነበሩም። በቆዩ የግእዝ መጻሕፍት ውስጥ አጣርድ፥ ዝሁራ፥ መሪኅ፥ መሽተሪ፥ ዙሐል እየተባሉ ተጽፈው ይገኛሉ፤ ስሞቹ ከዐረብኛ የተወሰዱ ናቸው። ተማሪዎች ዛሬ ሜርኩሪ፥ ቬነስ፥ ማርስ፥ ጁፒተር፥ ሳተርን እያሉ የሚያጠኑአቸው እነዚሁ ናቸው። በእኛ አሳብ ልጁ ሁለቱንም ስም ቢያውቅ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም፤ ፈተና ላይ ግን መጽሐፉ ያለውን ይጻፍ።

ቀሪዎቹ ሁለቱ፥ ኡራኑስና ኔፕቲዩን፥ ያለ መነጽር በደኅና ስለማይታዩ ለጥንት ሰዎች አልታወቁም ነበር። ኡራኑስን ዊልያም ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1781 አገኘው። የኔፕቲዩን ነገር ግን ይበልጥ ያስደንቃል። ኡራኑስ በመንገዱ ላይ ከሚጠበቅበት ስፍራ ፈቀቅ እያለ ቢያስቸግር፥ ፈረንሳዊው ለ ቬርዬ አንድ ያልታወቀ ፈለክ እየሳበው መሆን አለበት ብሎ ስፍራውን በሒሳብ ብቻ ቀመረው፤ እ.ኤ.አ. በ1846 በበርሊን ዮሐን ጋለ መነጽሩን ወደዚያ ቢያነሣ በተባለው ስፍራ አጠገብ አገኘው። ሒሳብን የሚጠላ ልጅ ያለው አባት ይህን ታሪክ ማታ ይንገረው።

አሁን ስለ መጠንና ስለ ርቀት እናንሣ፤ በዚህ ክፍል የተማሪው መጽሐፍ ሥዕል ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ሥዕሉ ፀሐይንና ስምንቱን ፈለኮች በአንድ ገጽ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ደርድሮ ያሳያቸዋልና ልጁ ሰማይ ጠባብ ይመስለዋል። እውነተኛውን መጠን ለማሳየት ከጓዳ የተሻለ ስፍራ የለም። ፀሐይን 55 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው የእንጀራ ምጣድ እንመስላት። መሬታችን እንግዲህ አንዲት የምስር ፍሬ ትሆናለች፤ የምትቀመጠውም ከምጣዱ 60 ሜትር ያህል ርቃ ነው። ጨረቃ አንዲት የጤፍ ቅንጣት ናት፤ ከምስሯ አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት፥ ማለት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ዘወር ብላ ትገኛለች። ከፈለኮች ሁሉ ታላቁ ጁፒተር ሎሚ ያህላል፤ እርሱን ለማኖር 300 ሜትር መሄድ ያስፈልጋል። ኔፕቲዩን ልጆች እንደሚጫወቱበት ብይ ነው፤ እርሱ ግን ከ1 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ርቆ ከመንደሩ ውጭ ይውላል። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የቀረበውን ኮከብ ለማስቀመጥ ቢታሰብ ደግሞ ከ15,000 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይጠይቃል፤ ይህም ከራሷ ከእውነተኛዋ መሬት የጎን ስፋት ይበልጣል። በምጣዱና በብዩ መካከል ያለው ሁሉ ባዶ ነው ለማለት የሚያስደፍር ሰፊ ሜዳ ነው። ይህን ጨዋታ በዕረፍት ቀን ከልጆች ጋር የሞከረ ሰው፥ ሥርዓተ ፀሐይ የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ በሌላ ጆሮ ይሰማዋል።

ተማሪዎችን ከሁሉ ይልቅ የሚያደናግሩአቸው ሁለት ቃላት ዛቢያና ምሕዋር ናቸው። አንዱን በሌላው ስፍራ እያስገቡ፥ ቀንና ሌሊት መሬት ፀሐይን በመዞሯ ይፈራረቃሉ ብለው የሚጽፉ ጥቂቶች አይደሉም። ዛቢያ ማለት በገጠር ላደገ ሰው እንግዳ ቃል አይደለም፤ የመጥረቢያ እጀታ ነው። በሥነ ፈለክ የተወሰደው፥ መሬትን ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ ሰንጥቆ እንዳለፈ ተደርጎ በአሳብ ለሚታየው ዘንግ ስም እንዲሆን ነው። እናት ጥጥ ስትፈትል እንዝርቱ በመካከሉ ባለው ዘንግ ላይ እንደሚሽከረከር፥ መሬትም በዛቢያዋ ላይ ትሽከረከራለች። ይህ ሽክርክሪት በአንድ ቀን አንድ ጊዜ ይፈጸማል፤ ቀንና ሌሊትን የሚያመጣው እርሱ ነው።

ምሕዋር ደግሞ ሖረ፥ ሄደ፥ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ መሄጃ፥ መንገድ ማለት ነው። መሬት ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ምሕዋሯ ይባላል። በዚህ መንገድ ላይ በያንዳንዱ ሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደች፥ ዙረቷን በ365 ቀንና ከ6 ሰዓት ጥቂት በሚጎድል ጊዜ ትፈጽማለች። ከዚህ በላይ የተረፈችው ሩብ ቀን በአራት ዓመት ተጠራቅማ፥ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜንን 6 ቀን ታደርጋታለች። ፈለኮችን በምሕዋራቸው ጠብቆ የያዛቸው የፀሐይ ስበት ነው። ሽክርክሪትና ዙረት በየፈለኩ የተለያዩ ናቸው። ጁፒተር በ10 ሰዓት ያህል አንድ ጊዜ ይሽከረከራል፥ ምሕዋሩን ለመጨረስ ግን 12 ዓመት ገደማ ይወስድበታል። ቬነስ በተቃራኒው ምሕዋሯን በ225 ቀን ስትጨርስ፥ በዛቢያዋ ላይ አንድ ጊዜ ለመሽከርከር 243 ቀን ትፈልጋለች፤ ያውም ከሌሎቹ በብዛት በሚለይ አኳኋን ወደ ኋላ ነው። በእርሷ ላይ ሰው የሚኖር ቢሆን ፀሐይ በምዕራብ ወጥታ በምሥራቅ ስትገባ ባየ ነበር።

የመሬት ዛቢያ በምሕዋሯ ላይ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ዘንበል ብሏል። ወቅቶች የሚለዋወጡት በዚህ ምክንያት ነው እንጂ፥ ብዙ ሰው እንደሚያስበው መሬት ወደ ፀሐይ ስለምትቀርብና ስለምትርቅ አይደለም። መሬት ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ፥ በደጋው ውርጭ በሚበረታበት ወራት ነው፤ የምትርቀውም በሰኔ መጨረሻ ነው። ይህን ማስረጃ ለልጁ መንገር ከረጅም ሐተታ ይሻላል።

የዛቢያውን መዘንበል በደጃፋችን ልናየው እንችላለን። በአዲስ አበባ ወይም በአቅራቢያዋ የሚኖር ሰው አንድ በትር በግቢው ቀጥ አድርጎ ቢተክልና፥ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ጥላውን ቢመለከት፥ በታኅሣሥ ጥላው ወደ ሰሜን ወድቆ ያገኘዋል፤ በሰኔ ግን ያው በትር ጥላውን ወደ ደቡብ ይጥላል። በመካከሉ፥ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፥ ፀሐይ ከራስ በላይ ስለምትቆም ጥላው ከሥሩ ይጠፋል። ፀሐይ የምትወጣበት ስፍራም እንዲሁ በየወሩ ይለዋወጣል፤ በምሥራቅ በኩል ተራራ ወይም ዛፍ ያለው ቤተ ሰብ ምልክት አድርጎ ሊከታተለው ይችላል። ሙሉ መልኩ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ ለዓለም የተረፈው መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ብርሃናት በሚናገርበት ክፍል፥ ፀሐይ በምሥራቅ ባሉት ስድስት ደጆች እየተዘዋወረች እንደምትወጣ፥ በምዕራብ ባሉት ስድስት እንደምትገባ ያመለክታል። ያ አነጋገር ዓይን በአድማስ ላይ የሚያየውን ሥርዓት ይቈጥራል፤ ትምህርት ቤት ደግሞ የዛቢያውን ዘንበል ማለት ይጨምርበታል። ልጁ የመጀመሪያውን ከአያቱ ተምሮ ሁለተኛውን ከመምህሩ ቢቀበል ምን ይጎዳል?

ጨረቃ ፈለክ አይደለችም፥ ኮከብም አይደለችም፤ ፈለክን ዞሮ የሚሄድ አካል ናት። ሌሎቹም ፈለኮች፥ ከሜርኩሪና ከቬነስ በቀር፥ ጨረቃዎች አሏቸው፤ ሳተርን ብቻውን ከመቶ የሚበልጡ አሉት። የኛይቱ ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ከእኛ ርቃ ትዞራለች። ከሠርቅ እስከ ሠርቅ 29 ቀን ተኩል ያህል ስለሚሆን፥ አሥራ ሁለቱ የጨረቃ ወራት 354 ቀን ይሆናሉ፤ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያንሳሉ። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህች 11 ቀን አበቅቴ መሆኗን ወዲያው ያውቃል። በየዓመቱ በዓላትንና አጽዋማትን የምናወጣበት ሒሳብ በፀሐይና በጨረቃ ዙረት ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፥ ከአብነት ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ሥነ ፈለክን ሲጀምር ባዶ እጁን አይመጣም።

ግርዶሽ የሚለው ቃል ግርዶ፥ መጋረጃ፥ ከማለት ጋር አንድ ነው። ጨረቃ በፀሐይና በመሬት መካከል ገብታ ብርሃኑን ስትጋርድ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል፤ ይህም በሠርቀ ጨረቃ ካልሆነ በቀር ከቶ አይሆንም። መሬት በመካከል ገብታ ጥላዋን በጨረቃ ላይ ስትጥል ደግሞ የጨረቃ ግርዶሽ ነው፤ ይህ ጨረቃ በሞላች ሌሊት ብቻ ይሆናል። በየወሩ የማይደርሰው የጨረቃ ምሕዋር ከመሬት ምሕዋር 5 ዲግሪ ያህል ዘንበል ስላለ ነው። በጌታችን ስቅለት ጊዜ የሆነው ጨለማ እንደ ሌላው ግርዶሽ ያለ እንዳልነበረ ሊቃውንት የሚያስረዱትም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ የአይሁድ ፋሲካ ጨረቃ በምትሞላበት ጊዜ ይውላልና።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት በላሊበላ ቀለበት መሳይ ግርዶሽ ታይቶ ነበር። ጨረቃ በዚያን ቀን ርቃ ስለ ነበረች ፀሐይን በሙሉ ልትሸፍናት አልቻለችም፤ ዙሪያዋ እንደ እሳት ቀለበት ተረፈ። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ደግሞ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ሆነ፤ በአገራችን ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ገደማ ጨረቃ በመሬት ጥላ ውስጥ ቆየች፤ በዚህ ጊዜ ጨረቃ መልኳ እንደ ደም ይቀላል። የሚቀጥለውን ታላቅ ግርዶሽ ከአሁኑ በቀን መቍጠሪያ ላይ ማስፈር ይቻላል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሰኞ የፀሐይ ሙሉ ግርዶሽ ከስፔን ተነሥቶ በሰሜን አፍሪካና በግብፅ፥ በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን አድርጎ ወደ ሶማሊያ ያልፋል። በግብፅ በሉክሶር ከተማ ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል። በኢትዮጵያ ቀትር ካለፈ በኋላ በከፊል ይታያል፤ ጊዜው ክረምት ስለ ሆነ የደመናውን ነገር ለደመናው መተው ነው። በጂዳ የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ሙሉውን ያያሉ።

እዚህ ላይ ለወላጆች አጥብቀን የምንናገረው አለን። በከፊል የተጋረደች ፀሐይ ዓይን ታሳውራለች። ብርሃኗ ስለሚቀንስ ልጅ ሳይጨነቅ አተኩሮ ሊመለከታት ይችላል፤ በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ሲቃጠል ሕመም የሚሰማው አይደለምና፥ ልጁ ጉዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። በጥላሸት የጠቆረ መስተዋት፥ የራጅ ፊልም፥ የተለመደው የፀሐይ መነጽር፥ በገበቴ የተቀመጠ ውኃ፥ እነዚህ ሁሉ ከአደጋው አያድኑም። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የግርዶሽ መነጽር ከሌለ፥ ልጆቹ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ይቁሙ፤ ከእናንተ አንዱ ወንፊት ከፍ አድርጎ ይያዝ። በወንፊቱ ቀዳዳዎች የሚያልፈው ብርሃን በመሬት ላይ ብዙ ጥቃቅን የተጎመዱ ፀሐዮችን ይሥላል። እኛ ከሁሉ የምንወደው ይህን መንገድ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፥ ለአያትም ለልጅ ልጅም እኩል ይበቃል።

ስለ ፕሉቶ ሳንጠቅስ ብናልፍ ከብዙ ቤት ቅሬታ ይመጣብናል። ዛሬ ወላጅ የሆኑት ብዙዎች በልጅነታቸው ፈለኮች ዘጠኝ ናቸው ብለው አጥንተዋል፤ ልጆቻቸው ስምንት ናቸው ይላሉ። ፕሉቶን አሜሪካዊው ክላይድ ቶምቦ እ.ኤ.አ. በ1930 አገኘው። ከዚያ በኋላ በዚያው አካባቢ እርሱን የሚመስሉ አካላት እየተገኙ ሄዱ፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የዓለም አቀፍ የሥነ ፈለክ ኅብረት በፕራግ ተሰብስቦ ለሥርዓተ ፀሐይ ፈለክ ሦስት መለያ አወጣ፤ ፀሐይን መዞር፥ በራሱ ስበት ክብ መሆን፥ በምሕዋሩ ዙሪያ ያለውን ስፍራ ከሌሎች አካላት ያጠራ መሆን። ፕሉቶ ሦስተኛውን ስላላሟላ ድንክ ፈለክ ተባለ። ሰማይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የስም አከፋፈሉ ነው፤ ስለዚህ ወላጅም ልጅም የተማሩትን ትክክል ተምረዋል፥ የልጁ ግን የአሁኑ ነው።

ጅራታም ኮከብና ተወርዋሪ ኮከብ በስም ብቻ ኮከብ ናቸው። ጅራታሙ ከበረዶና ከአቧራ የተሠራ አካል ሲሆን፥ ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በረዶው እየተነነ ጅራት ያወጣል። ከእነርሱ የታወቀው የሃሌ ጅራታም ኮከብ በ76 ዓመት ያህል ይመላለሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 መጥቶ ነበረ፥ በ2061 ይመለሳል። በባሕረ ሐሳብ ዐውደ ማኅተም 76 ዓመት መሆኑን አይተው ሁለቱን ለማገናኘት የሚደክሙ ሰዎች አጋጥመውናል፤ ከቁጥሩ መገጣጠም በቀር አንዳች ግንኙነት የለም። ተወርዋሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ነገር ነው፤ በታላቅ ፍጥነት ወደ አየራችን ሲገባ ነድዶ ይጠፋል። በተወረወረ ቁጥር ሰው ሞተ ማለት የለመደ ቤት ካለ፥ ልጆች በዚያ ሌሊት በፍርሃት እንደሚተኙ ያስብ።

ከዚህ ጋር ሥነ ፈለክንና ኮከብ ቆጠራን አንድ አድርጎ የሚጠራ እንዳይኖር እንወዳለን። አንዱ የሰማይ አካላትን መጠን፥ ርቀትና ጉዞ ይመረምራል፤ ሁለተኛው የሰውን ዕጣ ከእነርሱ አነባለሁ ብሎ ገንዘብ ይቀበላል። የግርዶሽን ቀንና ሰዓት ከብዙ ዓመት በፊት በትክክል የሚናገረው የመጀመሪያው ነው።

ለተማሪዎች የሚያስደስት አንድ ነገር እናክል። ከፀሐይ ሌላ በሆኑ ከዋክብት ዙሪያም ፈለኮች እንዳሉ ዛሬ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፈለክ እየሰጠ ስም እንዲያወጡ ባደረገ ጊዜ፥ ለኢትዮጵያ በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ያለ፥ ወደ 200 የብርሃን ዓመት የሚርቅ ኮከብ ደረሳት። አገራችን ኮከቡን ቡና፥ ፈለኩን አቦል ብላ ሰየመቻቸው፤ ስማቸውም በዓለም መዝገብ በዚሁ ተጽፎ ይገኛል። ኮከቡ በዓይን ብቻ አይታይም፤ ትንሽ መነጽር ላለው ሰው ግን አያስቸግርም። አቦል ከጁፒተር የሚከብድ ቢሆንም በዓይኑ ያየው ማንም የለም፤ መኖሩ የታወቀው በስበቱ ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዘው በብርሃኑ መለዋወጥ ተለክቶ ነው። በቡና ዙሪያ ሌላ ፈለክ ቢገኝ ቶናና በረካ የሚባሉት ስሞች ተዘጋጅተው እንደሚጠብቁ እያንዳንዱ ቤት ያውቃል።